ቀጥሎ የማንን ፊት እንይ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቀድመው ከተከፈቱት የፊልም ማሳያ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። ዛሬ ይህ ታሪክ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ አያቶቻችን ለአዲስ ነገር ምን ያህል እንግዳ እንደነበሩ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ስሙን ያወጡትን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው እዚያ የሌለ ሰው ሲስቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሲገድልና ሲሞት አዩ። ሲወጡ ልባቸው እንደ አገባባቸው አልነበረም። ይህን ማን እንዳደረገው ሲጠያየቁ ከሚያውቋቸው ስሞች አንዱን ሰጡት። ስሙን የማይቀበል ሰው ይኖራል፤ ዋናውን ነገር ግን አልሳቱም። ማየት ሰው ላይ አንድ ነገር ይሠራል። ይህን የዘነጋነው እኛ ነን። «ዛሬ ምን እንይ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችን የጊዜ ማሳለፊያ ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን ከዓመት ዓመት የኅሊና ጥያቄ እየሆነ መጥቷል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የእህቴ ልጅ የወንጌል አማኝ ናት፤ ፊልም አታይም። ምክንያቷን ስጠይቃት «አጎቴ፣ ያየሁት ነገር ስጸልይ ይመጣብኛል» አለችኝ። በእኛ በኦርቶዶክሶቹም ቤት ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ አይደለም፤ ዓይንም ጆሮም ምላስም እንዲጾሙ ገና ልጆች ሳለን ጀምሮ ይነገረናል። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ሐጂ በረመዳን ቀን ቀን ቴሌቪዥን ያለበት ክፍል አይገቡም፤ «ዓይኔም ጾመኛ ነው» ይላሉ። ሦስቱም ማየት ከባድ ነገር መሆኑን ያውቃሉ። ነገር ግን ሦስቱም አጥብቀው የሚነግሩኝ መቼና ምን እንዳላይ ነው። ጾሙ ሲፈታስ? ዓይኔን ስከፍት ወደ ማን ልመልከት?

የምኖረው ያዮ ነው፤ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ። ታሪክ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ማታ መብራት ካለ ቤታችን ፊልም አለ፤ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሐጂ፣ ፈተና ካልደረሰባቸው ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥቂቶቹ ይመጣሉ። ፊልሞቹን መቱ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የቀድሞ ተማሪዎቼ በፍላሽ ያመጡልኛል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም መንገደኛ ሲያገኝ ሃርድ ዲስክ ሞልቶ ይልካል። ፊልም ከማጣት ይልቅ ፊልም መብዛቱ ነው ያስቸገረኝ። ቅዳሜዎቹ ግን አይበዙም። ኢሉባቦር ዝናብ የሚጠግብ አገር አይደለም፤ በልግ ብሎ ጀምሮ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል፣ በዝናብ ደግሞ መብራት ይሄዳል። ዝናቡ ሲያባራ ቡናው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጫካ ነው የሚውለው፣ ማታ ተቀምጦ የሚያይ ዓይን አይተርፈውም። በዚህ ላይ ዓብይ ጾምን ቀንሱ፣ ረመዳንን ቀንሱ። የሚቀረውን ቅዳሜ በምን ላይ ማዋል እንዳለብኝ ማሰብ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜም አለ። አምሳን ካለፉ በኋላ የሚመረጥ ፊልም ሁሉ ሌላ ፊልምን ለዘለዓለም መተው ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝሮችን ሞከርኩ። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1995 የሲኒማን መቶኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ 45 ፊልሞችን መርጦ ነበር፤ 15 በሃይማኖት፣ 15 በሰብአዊ እሴት፣ 15 በኪነ ጥበብ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ደግሞ ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የዓለም ሐያሲዎችን ድምፅ ይሰበስባል፤ በ2022 አንደኛ የወጣው የቤልጅጓ ሻንታል አከርማን ፊልም ነው። እነዚህ ዝርዝሮች ውለታ ውለውልኛል። የቪቶሪዮ ዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» እና የኤርማኖ ኦልሚን «የእንጨት ጫማዎች ዛፍ» ያገኘሁት በቫቲካኑ ዝርዝር ነው። ግን ከ45ቱ ውስጥ አንድም የአፍሪካ ፊልም የለም፤ ይህ ቅር ያሰኘኛል፣ ቅሬታዬንም አልደብቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዝርዝር እኔን አያውቀኝም። የትኛው ፊልም ታላቅ እንደሆነ ይነግረኛል እንጂ፣ ያዮ ለተቀመጠ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለሚኖር፣ በዚህ ዘመን ላለፈ አንድ ሰው ቀጥሎ የሚያስፈልገው የቱ እንደሆነ ሊነግረኝ አይችልም።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ይሳላሉ። ሰይጣን፣ ከሐዲው፣ ገራፊው፣ ሰማዕቱን የሚሰይፈው ወታደር ግን በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየን አንድ ዓይናቸውና የፊታቸው ግማሽ ብቻ ነው። ሕፃን ሆኜ በቅዳሴ መካከል እነዚያን ግማሽ ፊቶች አያቸው ነበር። ሌላኛው ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ እፈልግ ነበር። ሠዓሊው እንዲህ በመሳሉ አልወቅሰውም። እሱ የሣለው ፍርዱ ያለቀ ታሪክ ነው፤ ማን ከማን ወገን እንደቆመ መጽሐፉ ነግሮታል። የዛሬ ሰው ግን በሕይወት እያለ፣ ንስሐው ገና ሳይዘጋ፣ በግማሽ ፊት የሚሣለው በማን ሥልጣን ነው? ሰው ሁሉ በአርአያ ሥላሴ ተፈጠረ የምንል ከሆነ፣ አርአያው በግማሽ ፊት ላይ አይቆምም።

ፊልም እንደ ሠዓሊው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ ፊት ወይም ግማሽ ፊት ይሰጣል። «የብስክሌት ሌቦች» ውስጥ ብስክሌቱ የተሰረቀበት አባት በመጨረሻ ሌባ ነው ያለውን ወጣት ያገኘዋል። እኛም ከአባትየው ጋር ሮም ለሮም ስንዞር ስለዋልን ሌባውን አንቀን ልንይዘው ደርሰናል። ወጣቱ ግን መሬት ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል፤ የሚኖርበት ቤት ከባለ ብስክሌቱ ቤት የባሰ ድሃ ነው። ዴ ሲካ ሌባው አልሰረቀም አላለንም። ፊቱን ወደ እኛ አዞረው እንጂ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ሆነ፦ እኔ በዚህ ሰሞን በግማሽ ፊት የሣልኩት ማንን ነው? ቀጥሎ የማየው ያንን ሰው ወደ እኔ የሚያዞርልኝ ፊልም ቢሆን እመርጣለሁ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን ሰው ሰውን በጎን መሣልን የዕለት ሥራው አድርጎታል፤ ስለዚህ ይህ ጥያቄ ለእኔ የቅንጦት አይደለም።

እውነት የሚናገር ፊልም እንኳ ፊት ሊቆርጥ እንደሚችል ለተማሪዎቼ የማስተምረው በአንድ ምሽት ታሪክ ነው። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀረጸ። መንግሥት ደብቆት የነበረውን ዓለም አየው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ነገር ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ያጣበቀው እጅ ግን ሽማግሌውን ንጉሥ በግማሽ ፊት ሊሥል አስቦ ነው የቆረጠው። ከዚህ የሚከፋኝ ሌላው ነው። ረሃብተኞቹም ሙሉ ፊት አላገኙም። ለሌላ ሰው ክስ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ እንጂ ስማቸውን፣ ቀያቸውን፣ ከረሃቡ በፊት በምን ይስቁ እንደነበር የጠየቃቸው የለም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ የሰፋሪ ልጅ ናት። አማቴ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ወደ ኢሉባቦር ከመጡት ናቸው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም የቀረጹት ምስል ዓለምን አንቀሳቀሰ። መንግሥት ደግሞ በሠፈራ ፕሮግራሙ 600 ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ አጓጓዘ፤ ብዙው ወዶ አልመጣም። አማቴ ከመጠለያ ወጥተው፣ የማያውቁት ቋንቋ ወደሚነገርበት፣ ሰማይ ወደማይታይበት ጫካ መጡ። ሃርድ ዲስኬ ውስጥ የዚያን ዘመን ምስሎች የሰበሰበ አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ። ልክፈተው ወይስ አልክፈተው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ለታሪክ መምህር እንዲህ ያለ ነገር ዕንቁ ነው። ባለቤቴን ሳማክራት «እኔ ሌላውን ሰው ማየት አልችልም፤ እያንዳንዷን ሴት እናቴ ትሆን ብዬ ነው የማየው» አለችኝ። ሌላው ዓለም ብዙ ሕዝብ ባየበት ቦታ እሷ አንድ ፊት ትፈልጋለች። ፊልሙ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው በእንዲህ ዓይነት ዓይን መታየት የሚገባው መሆኑን ያን ቀን ገባኝ። አልከፈትኩትም።

ከዚያ ይልቅ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አየን። ኃይሌ ይህን ፊልም የቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ አሮጌው ሥርዓት ሊወድቅ በቋፍ ላይ ሳለ ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ ተዋናይ ባልሆኑ ገበሬዎች። ረጅም ነው፣ ዝግ ይላል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ተቁነጠነጡ። «መምህር፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ አንዱ። ፊልሙ ከጀመረ ቆይቷል። በሬ ተጠምዶ፣ ትልሙ እየተተለመ፣ አባወራው እየተራመደ፣ ካሜራው አይቸኩልም። የገበሬን ፊት በአንድ ቀን ሥራ ርዝመት የሚያይ ፊልም ከዚያ በፊት አላየሁም። አማቴ ግን ከእኔ የተሻለ አዩት። ከብት ጠባቂዋን ልጅ ውሃ ሲወስዳት ሁላችንም ዝም ስንል እሳቸው «ከብቱ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። የባለ ርስቱ ነበር። «አዎ» አሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው እስኪያልቅ አልተናገሩም።

የኦልሚ «የእንጨት ጫማዎች ዛፍ» ይህ ፊልም ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ካን ላይ ታላቁን ሽልማት አገኘ። እሱም ገበሬዎችን እንጂ ተዋንያንን አልተጠቀመም። አንድ አባት ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄድበት የእንጨት ጫማ ሲሰበርበት ከባለ መሬቱ ዛፎች አንዱን በሌሊት ይቆርጣል፤ ሲታወቅ ከነቤተሰቡ ይባረራል። እኛ ዘንድ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም። የያዮ ቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ መሐሉ ፈጽሞ አይነካም፣ ዙሪያው በልክ ይነካል። የዱር ቡናው ዘር የዓለም ቅርስ ነውና መጠበቁ ተገቢ ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ሆኖም መጥረቢያ ይዞ ጫካ ሲገባ የተያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር የዚያ አባት ፊት ይመጣብኛል። ጠባቂውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እሱም ልጆች አሉት። ሁለቱንም ሙሉ ፊታቸውን አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ከያዮ ቢወጣ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ባየሁ።

እዚህ ላይ ሐጂ አንድ ክርክር አነሱብኝ። ነገሩ እስካሁን ስላልተቋጨ እንዳለ አቀርበዋለሁ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ያየን ማታ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ የመሠረተችው የሴት ጠበቆች ማኅበር ይቆምላታል። እኔ እንደልማዴ «ጠላፊው ሙሉ ፊት አላገኘም» አልኩ። ሐጂ ተቆጡ። እኛ የምናወራው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነበር ያሉት፦ «አንተ መምህር፣ ልጅቷ ገና እየተንቀጠቀጠች ነው፣ አንተ የሱ ፊት ጎደለ ትላለህ? በደለኛን ለማወቅ ስትሽቀዳደም የተበደለችው ብቻዋን ትቀራለች።» ከልጆቹ መካከል ሴቶቹ ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከሐጂ ጋር እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

«ሐጂ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚታየው?» አልኳቸው። «ጉማ እንዴት ነው የሚሆነው?» አሉኝ መልሰው።

ጉማን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በኦሮሞ ዘንድ ነፍስ ከጠፋ በኋላ የደም ካሳና ዕርቅ የሚፈጸምበት ሥርዓት ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ በዚህ ሥርዓት ስም ፊልም ሠርቷል፤ የዛሬው የጉማ ፊልም ሽልማትም ስሙን ከእሱ የወረሰ ነው። ገዳይና የሟች ቤተሰብ እስኪታረቁ ድረስ ዓይን ለዓይን አይገናኙም። ገዳዩ በመንገድ እንኳ ይሸሻቸዋል። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ጥፋቱ በአደባባይ ተነግሮ፣ ካሳው ተቆርጦ፣ ሥርዓቱ ሲፈጸም ነው ፊት ለፊት የሚቆሙት። ሐጂ ሊሉኝ የፈለጉት ይህን ነበር። ሙሉ ፊት ሁሉም ይገባዋል፤ ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የተበዳዩ ፊት ይታያል፣ ቃሉ ይሰማል። በዳዩን ወደ እኛ የሚያዞረውም ተበዳዩ ነው እንጂ ከዳር የተቀመጠ ተመልካች አይደለም።

ይህ ክርክር ምርጫዬን ቀየረው። ማን ሙሉ ፊት እንደተነፈገ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ፊቱን የማዞር መብት የማን እንደሆነም መጠየቅ አለብኝ። «ድፍረት» ራሱ በዚህ ጥያቄ ተፈትኗል። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ሊመረቅ በተሰበሰበበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኩ የተመሠረተባት ሴት ሕይወቴ ያለ እኔ ፈቃድ ተሠራ ብላ ነበርና። ጉዳዩ በኋላ እልባት አግኝቶ ፊልሙ ታየ። ይህን ስሰማ ፊልሙን አልጠላሁትም። ጠለፋን ለብዙ ሺህ ሰው ያሳየ ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ «ባሏ ነው» ብሎ ነጻ ይለቀው የነበረው የቆየው የወንጀል ሕግ የተቀየረው እንኳ በ1997 ዓ.ም. ነው። ግን ፊቷን ያሳየናት ሴት «እኔን ጠይቃችሁኛል?» ብላ ብትቆም፣ ጥያቄዋ ከፊልሙ ሽልማቶች ሁሉ ይበልጣል።

የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ከዚያ በኋላ ነው የመረጥኩት። በድሮው የፍርድ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ፊልሙም ሁለት ባላንጣዎችን አቆራኝቶ በረጅም መንገድ ያስኬዳቸዋል። አንዱ ሲጠማው ሌላው ይቆማል፣ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይተኛል። ሐጂ ይህን ፊልም በጣም ወደዱት። ተበዳዩ በራሱ እግር፣ በራሱ ክስ፣ ባላንጣውን አጠገቡ አድርጎ ስለሚያየው ይመስለኛል። እዚህ ላይ ፊት ያዞረው ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው አይደለም።

አንድ የቤት ታሪክ ልጨምር፤ ከዚህ ክርክር ጋር የተያያዘ ነው። የእናቴ ወንድም በደርግ ጊዜ ካድሬ ነበር። በ1977 ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ የአካባቢውን ገበሬ ያስወጡ ከነበሩት አንዱ እሱ ነው፤ የራሳቸው እርሻ ጠፍ እያደረ ነበር የሚወጡት። እኛ ቤት ስሙ ሲነሳ ሰው ወሬ ይቀይራል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ስናይ ያስታወስኩት እሱን ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ወርቃማውን ፈረስ አግኝቷል። ከጀርመን እግሩን አጥቶ የተመለሰው አንበርብር፣ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ እናትየው፣ ሁሉም ፊታቸው ወደ እኛ ነው። ካድሬዎቹ ግን በጎን የተሣሉ ይመስሉኛል፤ ታላቅ ፊልም ነው፣ ሆኖም ይህ ይጎድለዋል ብዬ አምናለሁ። ይህንኑ እያሰብኩ ሳለ አማቴ ከወንበራቸው ሆነው «ያንተ አጎት እኮ» አሉኝ፣ «እኛ በመጣን ሰሞን ዝናቡ አላቆም ሲል ጎጆዬን ራሱ ወጥቶ ከድኖልኛል። እየተሳደበ ነበር የሚከድነው። ግን ከድኗል።»

እኔ ይህን ልጠይቃቸው አልችልም ነበር። ለአጎቴ ብዬ ብጠይቅ ነውር ይሆንብኝ ነበር። ያዞሩት እሳቸው ናቸው። ተሳዳቢ ነበር፣ ጎጆ ከዳኝም ነበር፤ ሁለቱም ዓይኑ ታየኝ። ሉቃስ እንደሚተርክልን ጴጥሮስ ሲክድ ጌታ ዘወር ብሎ ተመለከተው። የተካደው ነው የተመለከተው። ከዳር ሆነው እሳት ይሞቁ የነበሩት ብቻ ቢመለከቱት ጴጥሮስ ወጥቶ ያለቅስ ነበር?

ደግሞ ስለ መደጋገም። ወጣቶቹ ያየሁትን ፊልም ለምን እንደገና እንደማሳይ አይገባቸውም። «አይተነዋል» ይላሉ። ዓብይ ጾም ሲገባ ግን ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ያሉት ሳምንታት በየዓመቱ ያው ናቸው፤ የመፃጉዕን ወንጌል አምና ሰምቼዋለሁ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን የሚቀር ሰው አላውቅም። ወጣት ሳለሁ መፃጉዕን ስሰማ የማየው 38 ዓመት የተኛውን ሰው ብቻ ነበር። ቀድመውት ወደ መጠመቂያው የሚገቡት ሁሉ ለእኔ ግማሽ ፊት ነበሩ፤ የሚገፉ፣ የማይራሩ። ከዓመታት በኋላ አንድ እሑድ ቆሜ ስሰማ እነሱም በሽተኞች መሆናቸው ታየኝ። ዕውር ነበሩ፣ አንካሳ ነበሩ፤ እነሱም ሲጠብቁ ኖረዋል። ወንጌሉ አንድም ቃል አልተጨመረበትም። ፊልምን ደግሜ የማየው በዚህ ተስፋ ነው። በመጀመሪያው ዕይታ የተበዳዩን ፊት ማየት ግዴታዬ ነው፤ ሐጂ እንዳሉት እሱ ይቅደም። ሌላውን ለማየት ሁለተኛ ቅዳሜ ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ አዲስ ፊልም ሲበዛብኝ ቅድሚያ የምሰጠው አንዴ ብቻ ላየሁት ነው። ሁለተኛው ዕይታ ሳይደርስበት ፊልሙ በግማሽ የታየ ሆኖ ይሰማኛል።

ዘንድሮ ቡናው ተለቅሞ አልቋል፤ ደረቅ ቡና ያለው ገበያ እየጠበቀ ነው። ሐጂ «ብላክ ጎልድ» ይደገም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ታደሰ መስቀላ ለገበሬዎቹ የተሻለ ዋጋ ፍለጋ አገር ላገር ሲዞር ያሳያል። መጀመሪያ ሲያዩት ሐጂ አንጀታቸው አርሮ ነበር፤ ገበሬው የሚያገኘውንና አውሮፓና አሜሪካ አንድ ስኒ የሚሸጥበትን በልባቸው እያነጻጸሩ «ሌቦች» ሲሉ አመሹ። ያን ማታ ማንም አልተከራከራቸውም፤ ተበዳዩ የቡና ገበሬ እሳቸው ነበሩና። አሁን ሲያስደግሙ ግን የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፦ «ያ ጣልያን አገር ቡና የሚቀምሰው ሰው፣ እሱ ራሱ ስንት ይከፈለዋል?»

«አላውቅም ሐጂ» አልኳቸው። «እንግዲያው እሱ የሚወጣበት ቦታ ስትደርስ አቁመህ አሳየኝ፤ ፊቱን ልየው» አሉኝ።

የ1977ቱን ዘጋቢ ፊልም ሁለት ተማሪዎች ሰሞኑን ጠይቀውኛል። ለታሪክ ትምህርት እንደሚጠቅማቸው አውቃለሁ። የነገርኳቸው አማቴ ክፈተው ካሉኝ እንደምከፍተው፣ እሳቸውም አብረውን ተቀምጠው ማንን ማየት እንዳለብን እንደሚነግሩን፣ እስካላሉ ድረስ ግን ከዝርዝሩ ውጪ መሆኑን ነው። ለዚህ ቅዳሜ «ብላክ ጎልድ» ነው፤ መብራት ከሄደ ለሚቀጥለው ይተላለፋል።